የሐሙስ ዳዊት

ሸዋረገጥ ዳዊት ደጋሚ ናት። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ አጥር የሚጋሯት ሙስሊም ጎረቤቶቿ እንኳ የንጋቱ አዛን ሲያበቃ የእሷ ድምፅ እንደሚቀጥል ለምደውታል። የሰኞን በሰኞ፣ የማክሰኞን በማክሰኞ፣ ለየቀኑ የተመደበውን መዝሙር ሳታጓድል ታደርሳለች። ስትደግም ትፈጥናለች፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው ነው የምትመስለው፤ ግን አንድ ቃል አትዘልም። የታመመ፣ ፈተና ያለበት፣ ልጁ የጠፋበት ሁሉ «ሸዋዬ፣ በጸሎትሽ አስቢኝ» ይላታል። እሷም መልሳ «የክርስትና ስምህ ማነው?» ትላለች። በዚህ በኩል ግትር ናት። የዓለም ስም ለቀበሌ መታወቂያ ነው፤ እግዚአብሔር ፊት የሚቀርበው በጥምቀት የወጣው ስም ነው ብላ ታምናለች። ስሙን ያልነገራትን «እንግዲያ ራስህ ጸልይ» ብላ ታሰናብተዋለች።

እንግዲህ ወንድሟን በዳዊት የረገመችው እንዲህ ያለችው ሴት ናት።

ነገሩ የጀመረው የቡ ነው። የቡ ከጅማ ወጣ ብላ ያለች የቡና ከተማ ናት፤ እዚያ እናታቸው በእጇ የተከለችው የቡና ማሳ አለ። እናትየው ካረፈች ወዲህ ማሳውን የያዘው ታናሽ ወንድሟ ጣሰው ነው። ሸዋረገጥ ድርሻዬ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ጣሰው ሌላ ወንድም የሌላት፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ለሱ ቢሆን ምኗም አይቆጫትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በለቀማ ጊዜ ሄዳ ከእናቷ ቡና ሥር መቆም። ጣሰው ደግሞ ዘንድሮ ቡናውን ነቅሎ ጫት ሊተክል ቆረጠ። ለእህቱ ትንፍሽ አላለም። እሷ የሰማችው ከሰው አፍ ነው፤ በማግስቱ፣ ረቡዕ ቀን፣ ስፌቷን ጥላ ሄደች። ስትደርስ የማሳው እኩሌታ ተነቅሎ፣ የቡናው ግንድ እንደ ማገዶ ተከምሮ አገኘችው። ሥሩ ላይ ያለው አፈር ገና አልደረቀም ነበር።

«ጣሰው፣ ምን ነካህ? የእማዬ እጅ ነው እኮ!» አለችው።

እሱም ጉድጓድ በሚቆፍሩት ሰዎች ፊት፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «እማዬ ሞታለች። ቡና በዓመት አንዴ ነው፣ ጫት ክረምት ከበጋ ይቆረጣል። አንቺ ስፌትሽን ስፊ» አላት።

ሰዎቹ ሳቁ። ከንግግሩ ይልቅ አንጀቷን የቆረጠው ሳቃቸው ነው።

ሸዋረገጥ የምትጮህ ሴት አይደለችም፤ እዚያው ጮሃ ቢወጣላት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ምላሷን ነክሳ፣ ነገሩን ዋጥ አድርጋ ወደ ጅማ ተመለሰች። የዋጠችው ግን አልፈጭ አላት። እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነጋ፤ የነጋውም ሐሙስ ነበር።

የሐሙስ ዳዊት መጨረሻው አካባቢ ያ መዝሙር አለ። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የጠላት ዘመን እንዲያጥር፣ ቤቱ እንዲፈታ የሚለምነው። ሰው ተጣልቶ «ዳዊት ደገመበት» ሲባል እሱን ማለት ነው። አንዳንድ እናቶች እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ፈሪዎቹም ገጹን ገልብጠው ያልፋሉ። ሸዋረገጥ ግን ዘላውም ፈርታውም አታውቅም። የኔ ጠላት ሰይጣን ነው፣ ለእሱ ይሁንለት ብላ በሩጫዋ ታልፈዋለች። ያን ቀን እዚያ ስትደርስ ሩጫዋ ቆመ። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ጠላት በሚለው ቦታ «ወልደ ኪዳን» አለች። በጸሎቷ ጣሰውን የምትጠራው በዚህ ስም ነው።

እስከ መዝሙሩ መጨረሻ ድረስ ስሙን እያስገባች፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እያላመጠች ደገመችው። ሲያልቅ አማተበችና መጽሐፉን ዘጋች። እውነቱን መናገር ካስፈለገ ቀለል አላት። ቁርሷንም በደንብ በላች።

ቅዳሜ የጣሰው ልጅ ሔራን ደወለች።

«አክስቴ... አክስቴ፣ ዛፉ አባዬ ላይ ወደቀበት።»

«የምን ዛፍ?»

«የቡናው ጥላ፣ ዋንዛው። በመጋዝ እያስቆረጠው ነበር፣ ሲወድቅ ዞረበት። ጭኑ ተሰብሯል፣ ጎኑም... ሆስፒታል ይዘነው እየመጣን ነው። ፕሊስ ጸልዪለት አክስቴ። አሁኑኑ ጀምሪ።»

ሸዋረገጥ ስልኩን ይዛ ቆመች። ጸልዪ ተብላ የምትለው የጠፋት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ መቀመጫ አጣች። ሆስፒታል ሄዳ ከበር ላይ አየችው፤ እግሩ በገመድ ተወጥሮ ተሰቅሏል፣ በመድኃኒት አንቀላፍቷል። ሳይነቃ ወጣች። ቤት ገባች፣ ቤቱ ጠበባት። ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ከቅጽሩ በር ተሳልማ ተመለሰች። ባጃጅ ይዛ ወደ ሂርማታ ገበያ ወረደች፤ ምን ልትገዛ እንደመጣች ረስታ ባዶ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች። ሲነጋ ዳዊቱን ትገልጣለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች። የእሑዱ አለፈ፣ የሰኞው አለፈ። ጎረቤቶቿ አዛኑን ተከትሎ የሚመጣው ድምፅ ሲቀር አሟት ይሆናል ብለው ሾርባ ላኩላት።

አንድ ጠዋት ጨክና ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ ወልደ ኪዳንን ማርልኝ» ማለት ጀምራ ነበር። ስሙ ከአፏ ሲወጣ፣ ሐሙስ ዕለት የወጣበት ድምፅ ራሱ መሰላት። እግዚአብሔር «ሸዋረገጥ፣ የቱን ልስማሽ?» ቢለኝ ምን ልመልስ ነው አለችና ብድግ ብላ የተጠረገውን ግቢ እንደገና ትጠርግ ጀመር።

ጸሎቱ እምቢ ሲላት በጸበል ልታልፈው ሞከረች። በጠርሙስ ቀድታ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ለሔራን ሰጠቻት።

«ጠዋት ጠዋት ርጪው፣ ትንሽም አጠጪው።»

«አንቺ ራስሽ ግቢና ርጪው እንጂ አክስቴ! እሱ እንደሆነ ሲነቃ አንቺን ነው የሚጠራው። ኦፕራሲዮኑ ደግሞ አርብ ነው ብለውናል፣ በጣም ፈርቷል።»

«እመጣለሁ» አለችና በሩጫ ሄደች። ሰውም አላስቀምጣት አለ። በየመንገዱ እያስቆመ «ወንድምሽ ዕድለኛ ነው፤ አንቺን የመሰለች ጸሎተኛ እህት አለችው» ይላታል። እሷም «ኧረ እባካችሁ» ትላለች፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

ስፌት ቤቷን የምትጋራው ከለጢፋ ጋር ነው። ሁለቱ መኪናቸውን ጎን ለጎን አስጠግተው፣ አንዷ የሴቶች ጅልባብ፣ ሌላዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ብዙ ዘመን አብረው አሳልፈዋል። ማክሰኞ ዕለት ለጢፋ መኪናዋን አቆመችና አየቻት።

«ማሎ በአላህ ሸዋዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? እጅጌውን አንገቱ ላይ ገጠምሽው እኮ! ይሄ ልጅ ጭንቅላቱን በየት ሊያወጣ ነው?»

ሸዋረገጥ ሸሚዙን አየችው። ከዚያ እዚያው ጨርቁ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ስታለቅስም ሁሉንም ነገረቻት፤ የቡናውን፣ የሳቁን፣ የመዝሙሩን።

ለጢፋ መቀሷን አስቀመጠች። «በስሙ?»

«በስሙ።»

«አስተግፊሩላህ» አለች ለጢፋ። ወዲያው ግን ጓደኛዋ አሳዘነቻት። «ስሚኝማ፣ እኔ ሙሀጅርን ስንት ጊዜ ነው አላህ ይድፋህ ያልኩት? ይኸው ባሌ ትናንት እንኳ ሁለት ሳህን ገንፎ በልቶ ተኛ። ወላሂ፣ አላህ የተናደደች ሴት አፍ ሁሉ ቢሰማ ጅማ ውስጥ ባል የሚባል ይተርፍ ነበር?»

ሸዋረገጥ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «አንቺ በንዴት ነው። እኔ ቁጭ ብዬ፣ አማትቤ፣ ከእግዚአብሔር መጽሐፍ ላይ እያነበብኩ ነው ለጢፋ።»

ለጢፋ ሸሚዙን ከእጇ ወስዳ ስፌቱን ትተረትርላት ጀመር። «ቄስሽ ጋ ሂጂ» ብቻ አለቻት።

የንስሐ አባቷ አዛውንት ናቸው። ረቡዕ ጠዋት ከቀብር ተመልሰው፣ ጫማቸው ላይ የተጣበቀውን ቀይ ጭቃ በእንጨት ሲፍቁ አገኘቻቸው። መስቀል እስክትሳለም እንኳ አልታገሠችም፤ እንደቆመች ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

«አባቴ፣ ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ። ስግደት ይስጡኝ፤ የፈለገውን ያህል ይሁን። ጾምም ይጨምሩበት።»

እሳቸው ጭቃቸውን መፋቅ አላቆሙም። «ዛፉን አንቺ አልቆረጥሽውም ልጄ። እግዚአብሔር ያንቺ ሎሌ መሰለሽ እንዴ? ማር ስትዪው የሚምር፣ ግደል ስትዪው የሚገድል?»

«እንግዲያ በደል የለብኝም?»

«እሱን መቼ አልኩ! ገዳይ አይደለሽም፤ ለምነሻል ግን። ልመናው ያንቺ ነው።» እንጨቱን ወረወሩና ቀና ብለው አዩዋት። «ስግደትም አልሰጥሽም። ስግደት ብሰጥሽ ደስ ብሎሽ ነው የምትሰግጂው፤ ጉልበትሽ እስኪላጥ ትሰግጂና ተገላገልኩ ትያለሽ። ወንድምሽ ጋ ሂጂ። በአፍሽ ንገሪው።»

«አርብ ኦፕራሲዮን ነው እኮ አባቴ! በዚህ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?»

«አርብ ከሆነማ ነገ ሂጂያ።»

ሸዋረገጥ ከእሳቸው ዘንድ የወጣችው ተናድዳ ነው። ቢጮሁባት፣ ቢገዝቷት በወደደች። መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሄደች። ብነግረው ወንድሜን አጣዋለሁ፤ እህቴ ሞቴን ለመነች ብሎ ዓይኔን ማየት ይጠላል። ሳልነግረው ቢሞት ደግሞ ከእንግዲህ ዳዊት የሚባል አልገልጥም፤ በምን አፌ! ወደ ቤት የሚወስደውን መታጠፊያ አልፋ ሄዳ ቦሳ አዲስ ሰፈር መድረሷን ያወቀችው ዝናብ ሲመታት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ገባች። ጣሰው ነቅቷል። ያ ሁሉ ጉልበቱ የለም፤ ጺሙ አድጎ አባታቸውን መስሏል። ሔራን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች።

«የት ጠፋሽ?» አላት። «ቡናው ነው፣ ሚቲ፣ አይደል? ተቀይመሽኝ ነው?»

«አይ፣ ዩኒፎርም በዝቶብኝ ነው።»

ይኸው ዋሸች። ለመናዘዝ መጥታ በውሸት ጀመረች።

«ነገ ጠዋት ያስገቡኛል» አለ ጣሰው። «ሐኪሙ አይዞህ ይላል፤ ፊቱ ግን አይዞህ አይልም።» ወደ ቦርሳዋ አየና «ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል? እስቲ የሐሙሱን ድገሚልኝ። እኔ እንደሆንኩ አልችልበት። እማዬም የታመመ ሰው ራስጌ ትደግም ነበር» አላት።

ሸዋረገጥ ዳዊቷን ከቦርሳዋ አወጣች።  ራስጌው ቆማ ጀመረች፤ በልማዷ አልሮጠችም፣ እንዲያውም እንዳያልቅ የምትፈልግ ይመስል እየጎተተች ደገመች። በክፍሉ ያሉት ሌሎች ሕመምተኞች ወሬያቸውን ተዉ። ጣሰው ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱ ላላ። የቀሩት ገጾች ባነሱ ቁጥር የእሷ ድምፅ ቀጠነ። ያ መዝሙር ጋ ስትደርስ ቆመ።

«ሔራንዬ፣ ውሃ ግዢልኝ እስቲ።»

«ውሃ አለ እኮ አክስቴ፣ ይኸው።»

«ቀዝቃዛ ግዢልኝ።»

ሔራን አክስቷንና አባቷን አየት አየት አድርጋ ወጣች።

«ምነው? ደከመሽ?» አለ ጣሰው።

«ጣሰው፣ ይሄኛውን ባለፈው ሐሙስ ባንተ ላይ ደግሜዋለሁ።»

ዓይኑን ገለጠ። «ምኑን?»

«ይሄን። እርግማኑን። ካንተ ዘንድ በተመለስኩ ማግስት። ስምህን አስገብቼ።»

ጣሰው ጣሪያውን አየ። ሸዋረገጥ ይጮሃል ብላ ጠበቀች፤ ውጪ ይለኛል ብላ ቦርሳዋን ያዘች።

«በየትኛው ስሜ?» አለ በመጨረሻ።

«በክርስትና ስምህ ነዋ! በሌላ በምን እደግማለሁ? በወልደ ኪዳን።»

ጣሰውን ሳቅ ያዘው። የተሰበረው ጎኑ ወጋው፤ «ወይኔ፣ ወይኔ» እያለ ሳቀ። «ወልደ ኪዳን የኔ ስም አይደለም እኮ!»

«ምን?»

«አይደለም አልኩሽ። ከእኔ በፊት የተወለዱት ወንዶች ሞተውባታል አይደል እማዬ? ስሜን ሰምቶ የሚያስደግምብኝ እንዳይኖር ፈርታ እውነተኛውን ደበቀችው። ከክርስትና አባቴና ከቄሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለናንተ ወልደ ኪዳን ነው ብላ ነገረቻችሁ። ለኔም የነገረችኝ ልታርፍ ስትል ነው፤ ያውም አስምላኝ።»

ሸዋረገጥ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አልነካህም!» አለች። «እንግዲያ አልነካህም! እኔ አይደለሁም! እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ አይደለሁም!» ስንት ቀን ሲያንከራትታት የነበረው ነገር ከትከሻዋ ላይ ወረደ፤ እልል ለማለት ምንም አልቀራት። ተቀመጠች፣ ብድግ አለች፣ የወንድሟን ግንባር ሳመች። ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የተኙት ሽማግሌ ምን የምሥራች መጣ ብለው ቀና አሉ።

ጣሰው ግን መሳቁን አቁሟል።

«ቆይ እስቲ ሸዋዬ» አለ። «ባድመ ዘምቼ ሳለሁ ትጸልዪልኝ ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው? አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም!»

«ታይፎይድ የጣለኝ ጊዜስ?»

«እሱንማ ጾሜ ነው እንጂ።»

«በማን ስም?»

«በወልደ...» ብላ ጀምራ ሸዋረገጥ ስሙን አልጨረሰችውም። 

«እንግዲያ እኔን ማን ሲጠብቀኝ ኖረ?» አለ። መቀለዱ አልነበረም፤ ነገ ቢላዋ ሥር የሚገባ ሰው ነው፣ የጠየቀው የምሩን ነው። «ያ ሁሉ ጸሎት ወልደ ኪዳን ለሚባል ለማላውቀው ሰው ነው የሄደው?»

«አይደለም!» አለች ቶሎ ብላ። ያን ሁሉ ዘመን የተንበረከከችበትን ነገር በባዶ ሜዳ ማንም እንዲነጥቃት አልፈቀደችም። «አይደለም ጣሰው። እግዚአብሔር ስም ተሳሳተች ብሎ ሰው ይጠፋዋል እንዴ? ማንን እንደምል ያውቅ ነበር። አንተን እንደምል ያውቅ ነበር!»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ መልሶ እሷኑ መታት።

ጣሰው ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። «ኤዬ፣ አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «ያውቅ ነበር።»

ሸዋረገጥ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ያኔ ካወቀ ባለፈው ሐሙስም ያውቅ ነበር። አንዱን ጸሎት የኔ ነው ብላ ይዛ ሌላውን በስም ስሕተት መጣል አትችልም። እስከዚያች ሰዓት ስትባዝን የኖረችው ልመናዬ ሰምሮ ይሆን እያለች ነበር፤ ልመናው ከሆዷ መውጣቱን ቁጭ ብላ አላየችውም። አሁን አየችው፤ አፈረችም።

«እንድሞት ፈልገሽ ነበር?» አላት።

«ያን ቀን፣ አዎ።»

«ለቡና ብለሽ?»

«ለቡናው። ሰው ፊት ስላዋረድከኝም። አንተን በጀርባዬ ያዘልኩህን ልጅ።»  «ይቅር በለኝ ወንድሜ። ስለታመምክ አይደለም፤ ብትድንም ባትድንም ይቅር በለኝ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም። ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ፈለገ፤ የተሰቀለው እግሩ አላዞር ሲለው አንገቱን ብቻ መለሰ። ሸዋረገጥ ጠበቀችው። ኮሪደሩ ላይ ጋሪ ሲገፋ ይሰማል። ብዙ ከቆየች በኋላ ዳዊቱን ቀስ ብላ ዘጋች።

«ለምን ትዘጊዋለሽ?» አለ ሳያያት። «አልጨረስሽውም እኮ።»

«ያ መዝሙር ነው የቀጠለው።»

«ይሁና። ሐሙስ አይደለም?»

ገለጠችው። አንድም ቃል ሳትዘል ደገመችው። መሐል ላይ ጣሰው እጁን ዘርግቶ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ፤ መዝሙሩ እስኪያልፍ ድረስ ጨብጦት ቆየ። ሲያልቅ እንደ ልማዷ የምትጸልይለትን ሰው በስሙ መጥራት ነበረባት።

«እውነተኛው ስምህ ማነው?» አለችው።

«አሁን አንቺን አምኜ ነው የምነግርሽ?» አለ ጣሰው። «ደግሞም ለእማዬ ምያለሁ።»

ሸዋረገጥ በነጠላዋ ዓይኗን ልትጠርግ ብትፈልግ ጫፉ በእሱ እጅ ነው። በመዳፏ ጠረገች።

«ወንድሜን ማርልኝ» አለች። ስም አልጨመረችም።

«አሜን» አለ ጣሰው፤ ነጠላዋን ግን አልለቀቀም።